አምስቱ ልዑካንና የጎንደር ደብተሮች፦ በጋራ ሥራ ውስጥ ድርሻና መብት እንዴት ይወሰናል?

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 የአብያተ ክርስቲያናትን መሬት ለመቀነስ በቈረጡ ጊዜ የተከተሉት ስሌት አጭር ነበረ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፤ ለነዚህ ለአምስቱ መተዳደሪያ የሚሆን መሬት ይተውላቸው፤ የቀረው ተወስዶ ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ የሚል ነው። ስሌቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይቀደስም፤ እነሱም ቄሱ፣ ንፍቁ ቄስ፣ ዲያቆኑ፣ ንፍቁ ዲያቆንና መብራት የሚይዘው ዲያቆን ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ እንግዲህ፣ ሥራው የግድ የሚጠይቀውን ሰው ቈጥረው የቀረውን ትርፍ ነው አሉ። ትርፍ ከተባሉት መካከል ግን የጎንደርን ትምህርት በደረታቸው ይዘው የቆዩት ደብተሮች ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ቈጠራ ነው። ብዙ ሰው በአንድ የጋራ ሥራ ላይ በሚተባበርበት ጊዜ ማን ምን ይሠራል፣ ማን እስከ የት ይገባል፣ ማን ይጽፋል፣ ማን ያርማል የሚለው ጥያቄ በጎንደር አድባራት እንዴት ተወስኖ እንደ ነበረ ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ የታሪክ ክፍል ትምህርት ሳይሆን በኮምፒዩተር ክፍል የሚማር አንድ ጓደኛዬ ነው። እሱና ባልንጀሮቹ «ክፍት ምንጭ» በሚባለው ዐይነት ሶፍትዌር ላይ ይሠራሉ፤ ይኸውም ጽሑፉን ማንም ሊያነበው፣ ሊገለብጠውና በራሱ ግልባጭ ላይ እንደ ፈለገ ሊለውጠው የሚችል ሶፍትዌር ማለት ነው። በዋናው ቅጂ ላይ የሚጽፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው ሊኑክስ ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ነው፤ እርማት መላክ ለሁሉ የተፈቀደ ሲሆን፣ እርማቱ ወደ ዋናው የሚገባው በየክፍሉ ኀላፊዎች እጅ አልፎ ነው። ጓደኛዬ «ማን ቁልፍ ይያዝ በሚለው ሦስት ወር ተከራከርን፤ እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ኖሮ ያውቃልን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በዚያች ሰዓት መልስ አልነበረኝም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የቤቱ አሠራር ነው። ክብ የሆነው ቤተ ክርስቲያን በሦስት ይከፈላል። በውጭ በኩል ያለው ቅኔ ማሕሌት ነው፤ ደብተሮች በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚያገለግሉት በዚያ ነው። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ምእመናን የሚቈርቡበት ነው። በመካከል መቅደሱ አለ፤ ታቦቱ የሚያርፍበትና ካህናትና ዲያቆናት ብቻ የሚገቡበት ነው። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ግን፣ ወደ ውስጥ የመግባት መብት የዕውቀት ወይም የክብር ደረጃ አለመሆኑ ነው። ድጓውን፣ ዝማሬውን፣ ቅኔውን የዘለቀ፣ መጻሕፍቱን የተረጐመ አረጋዊ ደብተራ ክህነት ከሌለው መቅደስ አይገባም፤ ዳዊት ደግሞ ገና የጨረሰ የዐሥራ ሁለት ዓመት ዲያቆን ይገባል። ልጁ ከአረጋዊው በልጦ አይደለም፤ የተሰጠው ሥራ በዚያ ስለ ሆነ ነው። አረጋዊው በማሕሌት ሲመራ ልጁ አፉን ዘግቶ ይሰማል።

በቅኔ ማሕሌቱም ውስጥ ሥራው የተለየ ነው። ደብተሮቹ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ በቀኝ ቀኝ ጌታ፣ በግራ ግራ ጌታ አለ፤ መሪ ጌታው ደግሞ ይመራል። ቃሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ መሪ ጌታው ብቻውን አይዘምርም፤ ከደብተሮቹ ማን የቱን እንደሚያነሣ እሱ ይወስናል። የተመረጠው ያነሣል፤ ሌላው ይቀበላል። ያልተመራ ሰው ድምፁ ቢያምርም ተነሥቶ አይጀምርም። ከዚህ ውጭ የደብሩ አለቃ አለ፤ አስተዳደሩና ክርክሩ የእሱ ነው። ቄሰ ገበዙ ደግሞ ንዋየ ቅድሳቱን ይጠብቃል፤ ለቅዳሴው የሚያስፈልገው ሁሉ መሟላቱን ይቈጣጠራል። እንግዲህ ዜማውን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ሰው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አይዝም፤ ቁልፉን የያዘውም በዕውቀት አንደኛ እንዲሆን አይጠየቅም።

ይህን መለየት በዘመናችን ያልጠበቁ ሰዎች የደረሰባቸውን ጓደኛዬ ነገረኝ። ኤክስ ዜድ የሚባል አንድ ትንሽ ሶፍትዌር በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይገኛል። በውሸት ስም የመጣ ሰው ከ2021 ጀምሮ ጠቃሚ እርማት እየላከ ታመነ፤ ብቻውን የደከመው ኀላፊ ቁልፉን አካፈለው፤ ሰውዬውም የምሥጢር በር ሠራበት። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኮምፒዩተሩ በጥቂቱ መዘግየቱ አጠራጥሮት በመጋቢት 2024 ባያገኘው ኖሮ ጉዳቱ ይህ ነው የሚባል አይሆንም ነበር። በዚያ ሶፍትዌር ጻፊው፣ መርማሪውና ባለ ቁልፉ አንድ ሰው ነበሩ። በጎንደር ደብር ሦስቱ አንድ ሰው አይሆኑም።

መጽሐፍን ስለ መጻፍና ስለ ማረም

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እመለሳለሁ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው በዚህ ነውና። በጎንደር ዘመን አንድ ደብር ሁለት ዐይነት መጽሐፍ ነበረው ለማለት ይቻላል። አንደኛው ማንም የሚገለብጠው፣ ሁለተኛው ግን ጥቂቶች ብቻ የሚጨምሩበት ነው።

ጥቂቶች የሚጨምሩበት ወንጌሉ ነው። ነገሥታቱና እቴጌዎቹ ለደብሩ የሰጡት ጉልት በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ የምስክሮች ስም ይከተላል፤ ቃሉን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ ይጻፋል። እቴጌ ምንትዋብ ለደብረ ፀሐይ ቍስቋም የሰጡት መሬት በእንዲህ ያለ መዝገብ የታወቀ ነው። መዝገቡ በመቅደሱ አጠገብ በካህናት እጅ ስለሚኖር፣ ማንም ሰው በሌሊት ገብቶ ስሙን ሊጨምርበት አይችልም። በዘመናዊ ቃል ብንናገር፣ ምስክሮች ባሉበት በጸሐፊ እጅ ብቻ የሚሞላ፣ የቀደመው የማይፋቅበት መዝገብ ነው። ዶናልድ ክረሚ የተባሉ የታሪክ ሊቅ በእንደነዚህ ያሉ ሰነዶች ላይ ተመሥርተው ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበረሰብ በ2000 አንድ ትልቅ መጽሐፍ አውጥተዋል፤ ከሰነዶቹም በጎንደር የቤተ ክርስቲያን መሬት ባለ ድርሻ የሆኑ መኳንንትና ሴቶች ጭምር መኖራቸው ይታያል። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ሁለተኛው ዐይነት መጽሐፍ ድጓው ነው። ድጓ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው የዓመቱ የዜማ መጽሐፍ ነው፤ ዜማውም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይከፈላል። በቃላቱ ላይ የሚጻፉት ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጕኤል እንደ ተዘጋጁ ይተረካል። ከዚያ በፊት ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ይተላለፍ ነበር፤ በግራኝ ጦርነት ጊዜ ብዙ መምህራን ሲያልቁና መጻሕፍት ሲቃጠሉ አደጋው ታየ፤ ምልክት የመጻፍ ሐሳብም ከዚያ በኋላ መምጣቱ የሚገርም አይደለም።

ድጓን መገልበጥ ለማንም አልተከለከለም። እንዲያውም ተማሪው ራሱ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የራሱን ድጓ ይጽፋል። በመምህሩ ቤት ይማራል፤ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ የኔታ ያርማሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተማሪው የፈለገውን ስሕተት በራሱ መጽሐፍ ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ የሚጐዳው ራሱን ነው። ድጓ አስተምራለሁ ባለ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ መጽሐፉን ተሸክሞ ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ የጎንደር ሰውም፣ የስሜን ሰውም፣ የጎጃም ሰውም በዚያ መምህር ፊት ያስመሰክራል፤ መጽሐፉም በዚያው ቤት ድጓ ይታረማል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ደግሞ የጎንደር በኣታ ምስክር ቤቶች ናቸው።

እዚህ ላይ የጎንደርን ጥበብ እናያለን። ምስክርነቱ ለሁሉ ትምህርት በአንድ ቤት አልተሰበሰበም። ጎንደር የመንግሥት ከተማ በነበረችበት ዘመን እንኳ፣ ንጉሡ፣ አቡኑና እጨጌው በከተማው ተቀምጠው ሳለ፣ የድጓ የመጨረሻ ቃል የብዙ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ በአንዲት የገጠር ደብር ነበረ። የጎንደር ሊቅ በከተማ ስለ ተቀመጠ ብቻ በቤተ ልሔም ድጓ ላይ አንድ ምልክት አይጨምርም። የመንግሥት ሥልጣን ለብቻ፣ የዜማ ሥልጣን ለብቻ ነበረ።

ይህ ማለት ግን ሁሉም በአንድ ዜማ ተስማምቶ ኖረ ማለት አይደለም። ከቤተ ልሔም ሌላ የቆማና የአጫብር ዜማ አለ፤ እያንዳንዱም የራሱ መምህራንና ተከታዮች አሉት። በመጻሕፍት ትርጓሜም ጎንደር ውስጥ ላይ ቤትና ታች ቤት ተለያይተዋል፤ ታች ቤት በመምህር ኤስድሮስ ስም ይጠራል። በትርጓሜው የሚያስደንቀው የተለያየውን ሐሳብ «አንድም» እያለ ጐን ለጐን ማኖሩ ነው። በዜማ ይህ አይቻልም፤ ሁለት ዜማ በአንድ ጊዜ ቢዜም ሁከት ይሆናል። ስለዚህ ትርጓሜ ተቃራኒውን ሲያቅፍ ዜማ ቤት ይለያል። ቅኔ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ስለ ሆነ፣ በየአገልግሎቱ አዲስ መጨመር ግዴታ ነው። በአንድ ቅኔ ማሕሌት ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት፣ ያው ሰው በድጓው አንዲት ነጥብ እንኳ የመለወጥ መብት ሳይኖረው በቅኔው ግን ማንም ያልሰማውን እንዲያመጣ ይገደዳል። መብቱ ለሰውዬው ሳይሆን ለሥራው ዐይነት የተሰጠ ነው።

ሳላስበው አንድ የራሴን ነገር ልጨምር። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ በመዝሙር መጽሐፋችን ውስጥ ግልጽ የሆነ የፊደል ስሕተት አይቼ በቀለም አረምሁት፤ የትምህርት ቤቱም መጽሐፍ ስለ ነበረ አንድ ሳምንት ሙሉ ግቢ ጠረግሁ። ስሕተት መሆኑን ማንም አልካደም። «ትክክል ነህ፤ ግን አንተ ማነህ?» ነው የተባልሁት። በዚያን ጊዜ እጅግ ተናድጄ ነበር። አሁንም ቢሆን ቅጣቱ በዛ እላለሁ፤ ጥያቄው ግን ጥያቄ መሆኑን ጎንደር ከሄድሁ በኋላ ተረድቻለሁ።

የአለቃ ገብረ ሐና ነገር

ማነህ የሚለው ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ትልቅ ሰውንም ይገጥማል። አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው በአገሩ ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ ሊቅነታቸው ግን በቀልዳቸው ተሸፍኗል። በበኣታ አለቅነት የሠሩ፣ አቋቋምን ጠንቅቀው ያወቁ ሰው ነበሩ። እንደሚተረከው በጣና ሐይቅ አካባቢ በተቀመጡ ጊዜ የሞገዱን ወዲያና ወዲህ ማለት፣ በዳርቻው የበቀለውም በነፋስ ዘንበል ቀና ማለቱን አይተው፣ ከዚያ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። ወደ ጎንደር ይዘውት በመጡ ጊዜ ግን የበኣታ ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም።

አለቃ ገብረ ሐና ያልተፈቀደላቸው እንግዳ አልነበሩም፤ የቤቱ ሰው ናቸው፤ አለቃም ነበሩ። የአለቅነት ሥልጣን ግን አስተዳደር እንጂ ዜማ የመለወጥ ሥልጣን አይደለምና አልጠቀማቸውም። ሊቃውንቱም ሥልቱን ከማስተማር አልከለከሏቸውም፤ በበኣታ ስም አይጠራም አሉ እንጂ። ልጃቸው ተክሌ ተማረው፤ በደብረ ታቦርም አስተማረው፤ ስሙም የተክሌ አቋቋም ተባለ። ዛሬ በአዲስ አበባና በሸዋ በየበዓሉ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ይህ የተክሌ ስልት ነው። የበኣታውም በበኣታ አለ።

በኮምፒዩተር ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለው መለየት የታወቀ መብት ነው፤ ዋናው ቅጂ እርማቱን ካልተቀበለ ባለ እርማቱ ግልባጩን ይዞ፣ ሌላ ስም ሰጥቶ ይሄዳል። በኔ አስተያየት የጎንደር ሊቃውንት ያደረጉት የሚያስወቅስ አይደለም። እምቢ ማለታቸው የራሳቸውን ቤት ጠበቀ፤ ሰውየውን አለማገዳቸው ደግሞ ለአገሩ ሌላ ቤት አተረፈለት። ክፋቱ ሊመጣ ይችል የነበረው ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ነው።

ወደ 1860 መመለስ

የእንጀራው ነገር ሳይነሣ የቀረ እንዳይመስል አሁን ላነሣው ይገባል። ካህኑም ደብተራውም በአገልግሎቱ ልክ የሰሞን መሬት ይይዝ ነበር፤ በተራው ሰሞነኛ ሆኖ ሳምንቱን ያገለግላል፤ አገልግሎቱን የተወ መሬቱን ይለቃል። ሕጉ ይህ ነው። በተግባር ግን ከላይ እንደ ጠቀስሁት፣ ራሳቸው የማይቀድሱና የማይዘምሩ ባለ ድርሻዎች በምትክ አገልጋይ እያስጠበቁ መሬቱን ይዘው ነበር። ድርሻው ከሥራው ተለይቶ እንደ ማንኛውም ሀብት ሊወረስና ሊሸጥ ቻለ።

ስለዚህ ዐፄ ቴዎድሮስ ችግሩን አላዩም ማለት ሐሰት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስም የሚበላና የማያገለግል ሰው ነበረ። ለወታደራቸው ደመወዝ ይፈልጉ ነበር፤ ካህናቱም ግብር አይከፍሉም። ከጎንደር ካህናት ጋር ስለ መሬት ያደረጉት ክርክር አስቀድሞም ተነሥቶ ሳይሳካላቸው ቀርቶ ነበር። በ1860 ግን መስፈሪያ አገኙ፤ መስፈሪያውም አምስቱ ልዑካን ናቸው።

እኔ የማልስማማው በዚህ መስፈሪያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ «ማን ያገለግላል?» ብለው መጠየቅ ሲገባቸው «ማን መቅደስ ይገባል?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስም ብቻ ያለውን ባለ ድርሻ ከእውነተኛው አገልጋይ ለመለየት እያንዳንዱን ደብር መመርመር ያስፈልጋል፤ ይህም ረጅምና አድካሚ ነው። አምስት ብሎ መቍጠር ግን በአንድ ቀን ያልቃል። በዚህ ቈጠራ የማይዘምረው መኰንንና ሠላሳ ዓመት ድጓ ያስተማሩት የኔታ በአንድ ወገን ወደቁ፤ ሁለቱም ትርፍ ተባሉ። ማሕሌቱ የቆመባቸው ሰዎች፣ ዲያቆኑን ራሱን ፊደል ያስቈጠሩት፣ ቄሱን ለክህነት ያደረሱት፣ በስሌቱ ውስጥ የሉም። የሚመጣው ዘመን አምስት ልዑካን ከየት ይመጣሉ ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስልም።

የተከተለው የታወቀ ነው። ካህናቱ ጠላት ሆኑ፤ አቡነ ሰላማ በ1864 ታስረው በ1867 በመቅደላ ዐረፉ፤ ጎንደር በ1866 በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ተዘርፋ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ። መጻሕፍቱ ወደ መቅደላ ተጋዙ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከነዚያ መካከል 350 የሚያህሉ ወደ ለንደን ተወሰዱ፤ ዛሬም በዚያ ይገኛሉ። የጎንደር አድባራት መሬታቸው የተጻፈባቸው አንዳንዶቹ ሰነዶች ከነዚሁ መካከል ናቸው። እንግዲህ በመቅደሱ አጠገብ ይጠበቅ የነበረውን መዝገብ አሁን የለንደን አንባቢ ፈቃድ አውጥቶ ያነበዋል፤ የደብሩ ሰው ግን አውሮፕላን ካልተሳፈረ አያየውም። የማንበብ መብት እንዲህ ተገለበጠ። በ1888 ደግሞ ደርቡሾች መጥተው የቀረውን አቃጠሉ፤ ከጥቂቶቹ የተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው።

ከዚህ ሁሉ እሳት በኋላ ድጓውና አቋቋሙ አለመጥፋታቸው ከየት መጣ? ከመቅደስ አልመጣም፤ መቅደሱ ተቃጥሏልና። በቤተ ልሔም የታረመው ግልባጭ በየአገሩ ተበትኖ ነበረ፤ ዜማውም ትርፍ በተባሉት ደብተሮች አእምሮ ውስጥ ነበረ። እያንዳንዱ ድጓ ሙሉ ድጓ ስለ ሆነ፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይበቃል። የሊኑክስ ሰዎች ከ2005 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ጊት የተባለው መሣሪያም በዚሁ መንገድ እንደሚሠራ ጓደኛዬ አስረድቶኛል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚይዘው ግልባጭ ከነታሪኩ ሙሉ ነው።

አምስት ብሎ የመቍጠር ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። ዴቢያን የሚባለው የሶፍትዌር ማኅበር በ1998 የራሱን ሕገ መንግሥት አጽድቆ የአባሎችን፣ የመሪውንና የቴክኒክ ጉባኤውን ሥልጣን ወሰነ። ሙሉ አባል የሚባለው በልማድ ወደ ዋናው ማከማቻ ሶፍትዌር የማስገባት ቁልፍ ያለው ነበረ፤ ለመምረጥም ለመመረጥም መንገዱ ያው ነው። መመሪያ የሚጽፉ፣ ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚተረጕሙ፣ ሥዕል የሚሠሩ ግን ለብዙ ዓመት ደክመው አባል ለመባል አልቻሉም። በ2010 ማኅበሩ ድምፅ ሰጥቶ እነዚህም ሙሉ አባል እንዲሆኑ ወሰነ። ዋናው ነገር ውሳኔው ቁልፉን ሳይሰጥ አባልነቱን መስጠቱ ነው፤ ይመርጣሉ፣ ይመረጣሉ፣ ወደ ማከማቻው ግን አይጽፉም። ይህን በሰማሁ ጊዜ መቅደስ ሳይገባ የደብሩ ጌታ የሚባለው ደብተራ ትዝ አለኝ። ጓደኛዬም በሦስት ወር ክርክራቸው ይህን መንገድ እንዳላሰቡት ነገረኝ።

የሰሞን መሬት በ1975 በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀረ። ዐዋጁ ቄስና ደብተራ አልለየም፤ የሁሉም ሄደ። ነገር ግን ከዚያም በኋላ ወደ ቤተ ልሔም የሚሄድ ተማሪ አልጠፋም፤ ኰቸሮውን እየለመነ ያስመሰክራል። መሬቱ ሲሄድ ማዕረጉ መቅረቱ፣ ድርሻና መብት ምን ያህል የተለያዩ እንደ ሆኑ ከማንኛውም ሰነድ ይልቅ ያስረዳል። ስለ ዛሬው የደብተሮች ኑሮ ሌላ ተማሪ ቢጽፍበት እወዳለሁ፤ እኔ የሄድሁት ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር።

በነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ነገር ይዤ ሄጄ ነበር። የዓለም የፊደል መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 ሲያስገባ የዜማውን ምልክቶች አላካተተም ነበር፤ እነሱ የገቡት በ2005 ነው። ሐሳብ ማቅረብ ለማንም የተፈቀደ ሲሆን ውሳኔው የጉባኤው ነው፤ አንድ ጊዜ የገባ ምልክት ደግሞ ከቶ አይወጣም። ሠንጠረዡን አትሜ ለአንድ አረጋዊ መሪ ጌታ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቍርጥ እያሉ በጣታቸው ቈጠሩ። ስምንት። ሠንጠረዡ ግን ዐሥር ነው፤ አጭሩን ርክርክና ደረት ከሂደት የተጋጠመበትን ለብቻ ለብቻ ይቈጥራል። መሪ ጌታው በሁለቱ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም ወረቀቱን መለሱልኝና «ይህን የት ነው ያስመሰከሩት?» አሉኝ።